ከሮቤ ወደ ፓሪስ፦ ለመለሎ ልጃገረዶች የተሰጠ ምክር

እህቴ፣ ቁመትሽ ከ1 ሜትር ከ75 ካለፈ፣ በሮቤ አስፋልት ስታልፊ ባለ ባጃጆቹ «ሞዴሏ!» እያሉ ካስቸገሩሽ፣ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። ለእናትሽም አንብቢላቸው። «ትምህርትሽን ጨርሺ» የሚለውን ምክራቸውን የሚያፈርስ ነገር ልናገር ነውና አስቀድሜ ይቅርታቸውን እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ትምህርትሽን ደብቂ። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ እንደሆነ መታወቂያውን ቤት ትተሽው ውጪ። በታላላቆቹ የፋሽን ቤቶች ዘንድ ጥቁር ልጅ እንደ ሌላው ሠራተኛ አትቀጠርም፤ ከሆነ ቦታ ተፈልጋ ትገኛለች። የሞዴሏን የኢማንን ታሪክ ውሰጂ። ፒተር ቢርድ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በ1975 ናይሮቢ ላይ ሲያያት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሥራውም የፈረንጅ ነው) የሶማሊያ ዲፕሎማት ልጅ፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና አምስት ቋንቋ ተናጋሪ ነበረች። ኒው ዮርክ ስትደርስ ግን ቢርድ ለጋዜጠኞች ያወራላቸው በረሃ ውስጥ ስላገኛት እረኛ ነበር። ዲፕሎማቱ አባት ለወሬ አይመቹም፤ ፍየል ይመቻል። የባሌ ልጅ በዚህ አትቸገሪም፤ ፍየል ቢጠፋ በግ አለ፣ አጎትሽም ለአንድ ቀን አያስቀሩብሽም።

ፎቶውን የት እንደሚያነሱሽም ከወዲሁ እወቂ። ከጎባ ሽቅብ ያወጡሽና ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጅብራው መሀል በስስ ሐር ያቆሙሻል። አያትሽ በዚያ አምባ በፈረስ ሲያልፉ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው ነበር፤ አንቺ ግን ትከሻሽን ገልጠሽ «ነፃነት» የሚባለውን ስሜት ፊትሽ ላይ ማሳየት ይጠበቅብሻል። ጥርስሽ እንዳይንቀጫቀጭ ነክሰሽ ያዢው፤ ፈረንጆቹ እንደ ምሥጢራዊ ኩራት ያዩታል። ቀይ ቀበሮ በዚያ ቢያልፍ ስሙን ከነላቲኑ በትክክል ይጽፉለታል። ያንቺን ስም ግን ራስሽ ተከታተዪ። በ2019 አንድ የአውስትራሊያ መጽሔት በደቡብ ሱዳን የተወለደችውን አዱት አኬችን ስለ ስደተኞችና ስለ ቆዳ ቀለም አነጋግሮ፣ ከቃለ ምልልሷ ጋር ያወጣው የሌላ ጥቁር ሞዴል ፎቶ ነበር። መጽሔቱ ይቅርታ ጠይቋል። አንቺም ቢደርስብሽ በፈገግታ ተቀበዪ፤ ቢያንስ የሆነች ልጅ ታይታለች።

ሜካፕሽን ይዘሽ ሂጂ። ኢማን ለመጀመሪያ የቮግ መጽሔት ሥራዋ ስትቀርብ ሜካፕ ሠሪው የራሷን ፋውንዴሽን ይዛ እንደሆነ ጠየቃት። ሌሎቹን ልጆች አልጠየቀም። እሱ ደባልቆ የቀባት ነገር ፊቷን አመድ አስመሰለው። ከዚያ ወዲያ ከየሱቁ የገዛችውን እየቀየጠች ለራሷ መቀመም ያዘች፤ በ1994 በስሟ የመዋቢያ ኩባንያ አቋቋመች። ጥፋቱን ሁሉ በሜካፕ ሠሪው ላይ አንጣለው። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለብዙ ዘመን የፎቶውን ቀለም የሚያስተካክለው «ሸርሊ» በሚባል ካርድ፣ በነጭ ሴት ፊት ነበር። ፊልሙ ቡናማን ከቡናማ እንዲለይ ኩባንያውን ወጥረው ከያዙት መካከል ቸኮሌት አምራቾችና የቤት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ ዕቃቸው በማስታወቂያ ላይ አልለይ ብሏቸው ነበር። መብትሽን ለመጠየቅ ስትሄጂ እንግዲህ ቁም ሣጥን አስከትለሽ ሂጂ፤ ቶሎ ይሰሙሻል።

ከመሄድሽ በፊት ግን እዚሁ ተለማመጂ። ጥር ሲገባ ሮቤ ወይም ጎባ ከሚገኝ ፎቶ ቤት ደጃፍ ቆመሽ በትልቁ ታትሞ የተሰቀለውን የሙሽራ ፎቶ ቀረብ ብለሽ እዪው። የሙሽራዋ ፊት ነጭ ነው። ከቬሎው አንገትጌ በላይ ስስ መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ በታች ሌላ ሰው ይጀምራል። አበባውን የያዘው እጅ ጠይም ነው፣ ሒናውም እንዳለ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፊቷን ያነጣላት ልጅ እጁ ጋ ሲደርስ ወይ ሰልችቶታል፣ ወይ ሌላ ሙሽራ መጥታበታለች። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብትዪው «እህቴ፣ ደንበኛው ነው የሚለኝ» ይልሻል። እውነቱን ነው። «ትንሽ ቀላ አድርጋት» ብለው ጉርሻ የሚጨምሩለት የሙሽራዋ አክስት ናቸው።

አሁን ወደ ለንደን እንሻገር። የብሪታንያው ቮግ በየካቲት 2022 እትሙ ሽፋን ላይ ዘጠኝ አፍሪካውያን ሞዴሎችን ባንድ ላይ አወጣ። የያኔው ዋና አዘጋጅ ኤድዋርድ ኤኒንፉል ራሱ ጋና የተወለደ ጥቁር ነው፤ ያሰበውም ሊያከብራቸው ነበር። ሆኖም ፎቶው ወጥቶ ሲታይ ብዙ አፍሪካውያን ተቆጡ፦ መብራቱና የቀለም ሥራው ልጆቹን ከተፈጥሯቸው በላይ አጥቁሯቸዋል፣ ዊጉም ሁሉንም አንድ አስመስሏቸዋል ብለው። የጎባው ባለ ፎቶ ቤትና የለንደኑ ስቱዲዮ አይተዋወቁም፤ ሥራቸው ግን ያው አንድ ነው፣ ያዞሩት በተለያየ አቅጣጫ ነው እንጂ። አንቺን የሚመስል ፎቶ ከፈለግሽ ለፓስፖርት ተነሺ።

ከዚህ ሌላ፣ ወቅትሽን ጠብቂ። ቀለምም እንደ ቀሚስ ወረት አለው። በሊሴ ገብረ ማርያም የተማረችው የአዲስ አበባዋ ሊያ ከበደ በ2000 ዲዛይነሩ ቶም ፎርድ ለጉቺ መድረክ መርጧት ታወቀች። በግንቦት 2002 የፓሪሱ ቮግ እትሙን በሙሉ ለእሷ ሰጠ፤ በ2003 የመዋቢያ አምራቹ ኤስቴ ሎደር ከ1946 ጀምሮ ሳያደርግ የቆየውን አድርጎ ጥቁር ሴትን የኩባንያው ፊት አደረገ። 57 ዓመት የፈጀው ፍለጋው ይሁን ድፍረቱ ኩባንያው አልነገረንም። ያኔ ጠይም ሐበሻ ተፈላጊ ነበረች። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ዓይኑ ሁሉ ወደ ደቡብ ሱዳን ልጆች ዞሯል፤ በጣም ካልጠቆርሽ «በቂ አፍሪካዊት» አይደለሽም። የጎባ ጠይም እንግዲህ ሃያ ዓመት ዘግይተሻል፣ ወይም ሃያ ዓመት ቀድመሻል። ሊያ ራሷ ወረቱ ሳያልፍ በ2007 «ለምለም» የተባለ የልብስ ድርጅት አቋቁማ ከአገር ቤት ሸማኔዎች ጋር መሥራት ጀመረች፤ ይህን ግን ብልህ ሰው ስለሚያደርገው ከምክሬ ውጭ ነው።

የሚጠጣ ወይም የሚበላ ነገር እንድትሆኚ ቢጠይቁሽ አትደንግጪ። ሞዴሏን አሌክ ዌክን አንድ የጣሊያን ቡና ኩባንያ ስኒ ውስጥ አስገብቶ በቆዳዋ ቡናውን ወክሏል፤ እሷም በ2007 በወጣው የሕይወት ታሪኳ ቅሬታዋን ጽፋለች። አንቺ የሐረና ደን ጎረቤት ነሽ፤ ዱር በቀል ቡና ከነክብሩ ታውቂያለሽ። ስለዚህ እንደ ባለሙያ ተደራደሪ፦ ቀላ ያለ አቆላል ነኝ ወይስ የከሰለ? የታጠብኩ ነኝ ወይስ ጀንፈል? የሐረና ቡና ቢያንስ የበቀለበት ቦታ ስም ከረጢቱ ላይ ይጻፍለታል።

ገንዘቡን በተመለከተ እናትሽ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት። የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ ቪዛውን፣ አፓርታማውን፣ የሙከራ ፎቶውንና የሳምንቱን የኪስ ገንዘብ ኤጀንሲው «ይሸፍንልሻል»። ሽፋን ማለት ብድር ነው። ሥራ ካገኘሽ መጀመሪያ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ብድሩን፤ ሥራ ካላገኘሽ ደግሞ ዕዳው ስምሽን ይዞ ይቀመጣል። በ2023 የብሪታንያው ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ የኬንያውን የካኩማ መጠለያ ታሪክ አወጣ፦ ከድንኳን ተመልምለው ወደ አውሮፓ የተወሰዱ ወጣት ስደተኞች፣ ጥቂት ሳምንታት ሞክረው ሳይሳካላቸው ሲቀር፣ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ዕዳ ተሸክመው ወደዚያው ድንኳን ተመልሰዋል። የባሌ ገበሬ ማዳበሪያ በብድር ሲወስድ ቢያንስ ስንዴው ይበቅል እንደሆን ዝናቡን ያያል። የወቅቱ ቀለም መቼ እንደሚዘንብ ግን ማን ያያል?

በመጨረሻ ስለ ንያኪም ጋትዌች ልንገርሽ፤ የእኛው የጋምቤላ ተወላጅ ናት፣ ወላጆቿ ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው በመጡበት ጊዜ የተወለደች። (የጋምቤላን ልጅ አዲስ አበባ ላይ «የየት አገር ሰው ነህ?» ብለን የምንጠይቅ እኛ፣ አሜሪካ ገብታ ሞዴል ስትሆን «ኢትዮጵያዊቷ» ለማለት አልዘገየንም።) በጣም ጥቁር ቆዳዋን ጊነስ መዝግቦታል ተብሎ ዓለም ሁሉ ተቀባበለው፤ ጊነስ ግን የቆዳ ቀለም እንደማይመዘግብ አስታወቀ። ስለዚህ በዚያ በኩል አትድከሚ። ይልቅ በ2017 አንድ የኡበር ሹፌር ያላትን ስሚ፦ 10,000 ዶላር ቢሰጥሽ ቆዳሽን ታነጪዋለሽ? እሷ ሳቀችበት። ሹፌሩ ግን ከኛ ይልቅ የገበያ ሰው ነው፤ ለማንጣት የሚከፈለው ለባለቆዳዋ መሆኑ ገብቶታል። እዚህ ጎባ ላይ ሜርኩሪ ይኑርበት ሃይድሮኪኖን የማይታወቀውን የማንጫ ክሬም ገንዘቡን ቆጥረሽ የምትገዢው አንቺ ነሽ። ነገ ወደ ሱቁ ስትሄጂ ክሬሙን ባንኮኒው ላይ አስቀምጪና ባለ ሱቁን ስንት እንደሚከፍልሽ ጠይቂው። ከ10,000 ዶላር በታች ካለ እሺ እንዳትዪ።