አንድ ጃኬት ስንት ብር ነው? በቆቦ ሰልባጅ ላይ የተደረገ የመስክ ጥናት

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ፀሐይ የማትሰስትላት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ወፍራም ጃኬት የማያስፈልግበትን ቦታ ፈልግ የተባለ ሰው ሚያዝያ ላይ ቆቦ መናኸሪያ ወርዶ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል። ሆኖም በገበያ ቀን፣ ሸራ ላይ ከተከመረው ሰልባጅ ውስጥ እየተሻሙ የሚጨርሱት ጃኬቱን ነው። ሊቃውንት ለዚህ ክስተት የነፈጉትን ትኩረት ለመካስ ይህ ጥናት ተደርጓል።

ቀላሉን ማብራሪያ ቶሎ እንለፈው። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። የማሽላው ዘር ደጋሌትም ይሁን ጅጉርቲ፣ ከወፍና ከሌባ የሚጠብቀው ሰው ሌሊት ይበርደዋል። እንዲሁም ከአላማጣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ የወጣ ተሳፋሪ ቆረም ላይ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ፣ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ያገኘዋል፤ ሹፌርና ረዳት ይህን ስለሚያውቁ ጃኬታቸው ከወንበሩ ጀርባ አይጠፋም። እነዚህ ወገኖች ግን ከገዢው ጥቂቶቹ ናቸው። የቀረው ገዢ ማሽላ አይጠብቅም፣ ቆረምም አይሄድም። ዘመድ ጥየቃ ነው የሚሄደው።

ወደ ዘመዶቹ ከመዝለቃችን በፊት ስለ ዕቃው ሕጋዊ አቋም አንድ ነገር ማለት ደንብ ነው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ክልክል ነው። ጉምሩክ ኮሚሽን ያዝኩ ብሎ በሚያወጣው የኮንትሮባንድ ዝርዝር ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ከሲጋራና ከኤሌክትሮኒክስ ጎን ቋሚ ተሰላፊ ነው። ናይሮቢ ጊኮምባን፣ አክራ ካንታማንቶን የሚያህል ገበያ ያቆሙለት ንግድ እኛ ዘንድ በሕግ ፊት የለም። ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን፤ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በልባሽ ጨርቅ ላይ ቀረጥ ብታከብድ፣ አሜሪካ ተቀይማ በ2018 የሩዋንዳ ልብስ ከቀረጥ ነፃ የሚገባበትን ዕድል አግዳለች። በአሮጌ ሸሚዝ አገርና አገር ይቀያየማል። የቆቦው ነጋዴ ግን ዕቃው ከየት መጣ ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ተድሬ።» ደረቱ ላይ የኖርዌይ የበረዶ ሸርተቴ ክለብ ስም የተጠለፈበትም ጃኬት ተድሬ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ንድፈ ሐሳብ እናስመዝግብ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሸሚዝ እየሰፋ ባሕር ማዶ ሲልክ ኖሯል። ሀዋሳ የተሰፋ ሸሚዝ ባሕር ተሻግሮ፣ ተለብሶ፣ ተሰልችቶ፣ በቦንዳ ታስሮ፣ ድሬን አልፎ ቆቦ ሸራ ላይ ሊዘረገፍ ይችላል። ጥናቱ እንዲህ ያለ ናሙና አላገኘም፤ ነጋዴውንም ብንጠይቀው ተድሬ ነው ማለቱ አይቀርም።

ሰልባጅን ቦንዳው ከተፈታበት ቀን አንፃር መመደብ ይቻላል፦ ቦንዳው ሲፈታ የተገኘ፣ በማግስቱ የተገኘ፣ ሌላ ሰው አንሥቶ የጣለው፣ ሌላ ሰው አንሥቶ ሚስቱ ያስጣለችው፣ እስከ መጨረሻው ያልተነሣ። የመጨረሻው ክፍል በአብዛኛው ነጠላ ካልሲና የሕፃን የዋና ልብስ ነው። ይህ ምደባ ለዓላማችን ስለማይጠቅም ትተነዋል።

የሚጠቅመን ምደባ የዋጋ ነው። ለናሙናነት የተመረጠው አንድ ሰማያዊ ጃኬት ሲሆን፣ ለባሹ ከአጥኚው ጋር አንድ ቁመት፣ አንድ የጫማ ቁጥርና አንድ እናት ያለው ወጣት ነው። ወቅቱ የፋሲካ ሰሞን፣ ዘመድ የሚጠየቅበትና ሠርግ የሚደገስበት ሳምንት ነበር። ነጋዴው 800 ብሎ ጀመረ። ለባሹ 200 አለ። ነጋዴው ወደ ሰማይ አየ፤ ለባሹ ሁለት ርምጃ ሄደ፤ ነጋዴው «ና እስቲ ወንድሜ» አለ፤ 450 ብር ላይ ተገናኙ። ይህን 450 ጥናቱ «ዋጋ ዘበአማን» ይለዋል። ከነጋዴው፣ ከለባሹና ከእግዜር በቀር የሚያውቀው የለም፤ ከዚያች ሰዓት በኋላም ስሙ ተጠርቶ አያውቅም።

ሁለተኛው «ዋጋ ዘእም» ነው፤ ለእናት የሚነገር። በናሙናችን 150 ብር ሆኖ ተመዝግቧል። እናት የምትሰማው ዋጋ ምንም ያህል ቢያንስ የምትሰጠው ምላሽ «ተበላህ!» ነው። ይህ ሕግ እስካሁን አንድም ጊዜ ሲሻር አልታየም። 150 ሲባል ተበላህ፣ 50 ቢባልም ተበላህ። በነፃ ተሰጠኝ ቢባል ደግሞ «ምን ቢኖርበት ነው?» የሚል ተጨማሪ ምርመራ ስለሚከተል፣ ልምድ ያላቸው ለባሾች ከ100 አይወርዱም።

ሦስተኛው «ዋጋ ዘአዝማድ» ነው። የዋጃው አጎት ሽንኩርት በመስኖ አልምተው የውኃ ሞተር የገዙ ሰው ናቸው፤ ርካሽ ነገር የለበሰ ወጣት በእሳቸው ሚዛን ሥራ የሌለው ወጣት ነው። ለእሳቸው ጃኬቱ 1,800 ብር ነበር። አጎት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ደግ አድርገሃል፣ ዕቃ ሲገዙ እንዲህ ነው» አሉ፤ ምሳም በግ ሆነ። በ450ና በ1,800 መካከል ያለው 1,350 ብር ከበጉ ዋጋ ጋር ሲነፃፀር ለባሹ አትራፊ ነው፤ ስሌቱን ግን ለሌላ አጥኚ እንተወዋለን።

አራተኛው «ዋጋ ዘአዕርክት» ነው። ማንጎ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ፣ ጓደኛ መካከል፣ የሚከበረው ርካሽ ያገኘ ነው። እዚያ ጃኬቱ 100 ብር ሆነ። ጓደኛ ልብስ ሲመረምር በቀጥታ ኮሌታው ውስጥ ይገባል፤ ምልክቱን ያነባል፤ ስልኩን አውጥቶ የዚያ ኩባንያ ጃኬት ውጭ አገር 120 ዶላር መሆኑን ያበስራል፤ ጠረጴዛው በሙሉ ዶላሩን በብር አባዝቶ ለባሹን በአዲስ ዓይን ያያል። ከመካከላቸው አንዱ ለሠርግ እንዲያውሰው ጃኬቱ ገና ሳይሞቅ ጠይቋል። በረንዳው ላይ ሴት ልጅ ካለች ግን ይህ ዋጋ ወዲያው ይሰረዛል፤ ጃኬቱ ከጂዳ የተላከ ይሆናል። በዚያ ሳምንት አንዲት ነበረች።

ለባሹ በዚህ ሁሉ ጉዞ ጃኬቱን አላወለቀም፤ ዚፑንም አልዘጋም። ይህ በሙቀቱ ምክንያት እንደሆነ ተመዝግቧል።

ምደባው እስከዚህ ድረስ በደህና ሄዶ ነበር። አልገባበት ያሉት የሮቢቷ አክስት ናቸው፤ ከዋጋ ይልቅ በዳሰሳ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ። ዳሰሳ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ በመሆኑ ከዚህ በኋላ ሌላው ሁሉ ይቆየን።

ዳሰሳ የሚጀምረው በሰላምታ ውስጥ ነው። የራያ ሰላምታ ረጅም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል። ያልተጠናው ርዝመቱ ለምን እንደሚያገለግል ነው። የአክስት ቀኝ እጅ ጨብጦ፣ አፋቸው «ደህና ነህ፣ እናትህ ደህና ናት፣ ላሚቱ ወለደች?» እያለ፣ ግራ እጃቸው የጃኬቱን ጠርዝ ከያዘ ቆይቷል። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ጨርቁን በመካከላቸው አግብተው፣ የበርበሬን ልመት እንደሚፈትሽ ሰው ያሹታል። ዓይናቸው አያየውም። ይህ «ዳሰሳ ዘጠርዝ» ነው።

ቡናው ሲቆላ ሁለተኛው ይከተላል፤ «ዳሰሳ ዘገበር»። «ና እስቲ፣ አንገትህ ላይ ምን አለ?» ይባላል፤ አንገት ላይ ምንም የለም፤ ነገር ግን ኮሌታው ተገልብጦ ገበሩ ይታያል። ጓደኛ የሚያነበውን ምልክት አክስት ቁብ አይሰጡትም፤ ከምልክቱ በታች ያለውን ስፌት በጥፍራቸው ይፈትኑታል። ሦስተኛው «ዳሰሳ ዘእጅጌ» ሲሆን የሚካሄደው ስኒ ሲቀበሉ ነው። አራተኛው እጅ አያስፈልገውም። የቦንዳ ሽታ ሁለቴ ካልታጠበ እንደማይለቅ አክስት ያውቃሉ፤ ስንት ጊዜ እንደታጠበም ከበሩ ሆነው ይናገራሉ።

ውጤቱ የሚገለጸው በድምፅ ነው። አጭር «እ» ከሆነ ጨርቁ ደህና ነው፣ ሰውየው ግን ተታሏል። ረዘም ያለ «እእ» ከሆነ ሰውየው አልተታለለም፤ ጨርቁ ግን ክረምቱን አያልፍም። በአፍንጫ የሚወጣው ሦስተኛው ድምፅ በፊደል አይጻፍም፤ የሰሙት ሰዎች ልብሱን መልሰው ለብሰውት አያውቁም።

እዚህ ላይ አጥኚው ገለልተኛነቱን ትንሽ ቢያላላ ይፈቀድለት። እነዚህ ጣቶች ጥጥ ነድፈው፣ ባዝተው፣ በእንዝርት ፈትለው፣ ድሩን ከማጉ ለይተው ለሸማኔ ያስረከቡ ጣቶች ናቸው። የቤቱ ሰው ሁሉ ጋቢ በእነሱ ውስጥ አልፏል። እንዲህ ያለ ጣት ክሩን ነክቶ ምን እንደሆነ ቢናገር ይግባኝ የለውም። በናሙናችን ላይ የተሰጠው ፍርድ ቡናው ሲፈላ ተሰማ፦

«ተምድጃው ራቅ በል ልጄ። ይሄ እኮ ላስቲክ ነው፤ ይቀልጥብሃል።»

ለባሹ «ኧረ አክስቴ፣ አንቱ ደግሞ!» አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጣ። አክስት «ስንት ገዛኸው?» ብለው አልጠየቁም። ሁሉም ዘመድ የሚጠይቀውን አለመጠየቃቸው ያልተለመደ ባሕርይ ነው፤ ጥናቱ ይህን መዝግቦ አልፏል።

በዚያው ቤት ከጓዳው በር አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ አያት ጃኬቱን አልዳሰሱትም። በ1977ቱ ረሃብ ቆረም መጠለያ ደርሰዋል፤ ከእርዳታው እህል ጋር የፈረንጅ ልብስ ሲታደል እንደነበር ያስታውሳሉ። «እንዲህ ያለው ነበር» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ያኔ ማንም ማንንም ስንት ገዛኸው አላለም። ጥናቱ ለዚህ የሚሆን ክፍል የለውም።

ሳምንቱ የተዘጋው በሠርግ ነው። የጥናት ዘዴ መጽሐፍ ቢኖር ኖሮ በጉልህ የሚያስጠነቅቀው አንድ ነገር ነበር፤ ልዩ ልዩ ዋጋ የሰሙ ወገኖችን በአንድ ዳስ ውስጥ አታስቀምጥ። እናት ከድንኳኑ ወዲህ፣ የዋጃው አጎት ከወዲያ፣ ጓደኞቹ ጠላው አጠገብ፣ የጂዳውን ታሪክ የሰማችው ልጅ ከሚዜዎቹ ኋላ፣ የሮቢቷ አክስት ደግሞ እንጀራ ይዘው እየዞሩ ነበር። ጭፈራው ጋብ ሲል፣ ከሙሽራው ወገን የመጡ አንድ ቅን ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ጮክ ያለ፣ ወደ ለባሹ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጃኬትህስ ደግ ነው። ስንት ገዛኸው?»

አጎት 1,800 ሊሰሙ ተዘጋጁ። እናት 150 ይዛለች። ጓደኞቹ 100 ብር ላይ ናቸው፤ ልጅቷ ጂዳ ናት። ለባሹ «ቆየት ብሏል፣ አባባ» አለ። በእኛ አቆጣጠር ይህ አምስተኛ ዋጋ ነው፤ ስም ግን አላወጣንለትም።

ሽማግሌው አልረኩም። «ዝጋው እስቲ፣ ተዘግቶ እንየው!»

«ምኑን ይዝጋው?» አሉ አክስት፣ እንጀራውን እያስቀመጡ። «ዚፑ መች ይሠራል። እኔ ራሴ ለልጁ ብዬ አንሥቼው ነው የተውኩት፣ ተዚያ ተሸራው ልጅ ላይ። ሦስት መቶ ተሃምሳ ብሎኝ ነበር።»

እናት ያለችውን መድገም አያስፈልግም። አጎት ወደ ወጡ አጎነበሱ። ጓደኛው ግን ጠጋ ብሎ በለባሹ ጆሮ ተናገረ፦ «የመጪው እሑዱ ሠርግ አልቀረም አይደል? አውሰኝ፤ እኔም አልዘጋውም።»