የአቶ ባለሜዳ ደርሶመልስ አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ ባለሜዳ ደርሶመልስ ከአባታቸው ከአቶ ደርሶመልስ ፕሮግራሙ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትኬት ቁረጡ፣ የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በ2006 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፣ በወላይታ ምድር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እንደ እኩዮቻቸው ደብተር አልያዙም፤ ሞቱ። በ2012 ዓ.ም. ሊጉ ሲቋረጥ አብረው ወደቁ፤ በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ እሳቸው አልተመለሱም። በሰባተኛ ዓመታቸው አንቱ መባላቸው የሚገርመው ሰው ካለ፣ ሟች በጨዋታ ቀን ምን ያህል ሕዝብ ያንቀሳቅሱ እንደነበር ያላየ ነው።

እንደ ደንቡ የሕይወት ታሪክ የሚነበበው በቀብር ዕለት ነው። የአቶ ባለሜዳ ቀብር ግን በወጉ አልተፈጸመም። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተጣለም፣ ሐዘኑን በደብዳቤ የገለጸ መሥሪያ ቤትም የለም። የወላይታ ሕዝብ ብዙው ፕሮቴስታንት ስለሆነ አርባም ተዝካርም አልተጠበቀላቸውም እንበል። እድር ግን ሃይማኖት አይለይም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ ለቅሶ መድረስ ነው፤ ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ደግሞ እንደሚታወቀው ከሁሉ በላይ ያለቅሳል።

የሟች ሥራ ብድር በምድር ነበር። አንድ ሳምንት እንግዳ ቡድን ወደ ሶዶ ይጠራሉ፤ በሌላው ሳምንት የራሳቸውን ልጆች ወደ ሰው አገር ይልካሉ። በእሳቸው ዘመን ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነስሙ፣ ከነዋንጫው፣ ከነታሪኩ ከዳሞታ ተራራ ሥር መጥቶ መጫወት ግዴታው ነበር። ኢትዮጵያ ቡናም እንዲሁ። አርባ ምንጭ ከተማ ሲመጣ ነገሩ ይለያል፤ ጎረቤት ሲያሸንፍህ ሰኞ ገበያ ላይ ታገኘዋለህና።

የጨዋታ ቀን ሶዶ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ትፈታለች። ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከገሱባ፣ ከሁምቦ የሚመጣው ሰው በሚኒባስ፣ በሞተርና በአይሱዙ ጀርባ ይገባል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ ከየቤቱ ይወጣል፤ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ የተለበሰው ለጊዮርጊስም ይለበሳል። ሥጋ ቤቶች ዳጣውን አብዝተው ያዘጋጃሉ። ሸንኮራ ሻጯ ወደ ስታዲየሙ በር ጠጋ ትላለች፤ ድቻ ቢሸነፍም ሸንኮራው አይተርፍም፣ የተናደደ ሰው የሚያኝከው ነገር ይፈልጋል። «የጦና ንቦች» የሚለውን የድቻን ቅጽል ስም በጽሑፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ስታዲየሙ ከሩቅ ሲያጉረመርም ቢሰማ ለምን ንብ እንደተባሉ ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር።

ሟች ከሁሉ በላይ የሚታወሱት በሕፃናት ዘንድ ነው። ገንዘብ የሌለው ልጅ ስታዲየም የሚገባበት፣ ሕጋዊም ሕገ ወጥም ያልሆነ አንድ መንገድ ነበር። ትኬት የቆረጠ፣ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ትልቅ ሰው እጅ ይይዝና «ጋሼ፣ አስገባኝ» ይላል። ጋሼ ዝቅ ብሎ እንኳ አያየውም፤ እጁን ብቻ ጠበቅ ያደርጋል። በረኛው ልጁን ያያል፣ ጋሼውን ያያል፣ ዝምድናቸውን ይጠረጥራል፣ ያሳልፋል። አንዳንዱ ጋሼ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፣ ከኋላ ኮቱን የያዘ ሦስተኛ «ልጅ» አስከትሎ ይገባል፤ ሚስቱ የማታውቃቸው ልጆች ናቸው። በሩ እንደታለፈ ልጁ እጁን ለቆ ይሰወራል። ምስጋና የለም፣ የሚጠብቅም የለም። ይህ በየትኛውም የወጣቶችና ስፖርት ዕቅድ ላይ ያልሰፈረ፣ በጀት ያልተያዘለት ነፃ የትምህርት ዕድል ነበር። ልጁ ማክሰኞ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በሚጋፋባት አንድ ኳስ ላይ የሚሞክረው እሁድ በዓይኑ ያየውን ነው።

የሟች የክብር ዘመን 2009 እና 2010 ዓ.ም. ነበር። በ2009 ድቻ በአሠልጣኝ መሳይ ተፈሪ እየተመራ የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣና በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የመጫወት መብት አገኘ። በ2010 በአሠልጣኝ ዘላለም ሽፈራው ዘመን መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አሰናበተ፤ ቀጥሎ የደረሰው ዛማሌክ ነው። ዛማሌክ ማለት የአፍሪካን የክለቦች ሻምፒዮንነት አምስት ጊዜ የወሰደ የካይሮ ክለብ ነው። ድቻ ደግሞ በፕሪሚየር ሊግ ገና አምስተኛ ዓመቱን የያዘ የዞን ክለብ። የመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 1 ለድቻ። ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ለዛማሌክ። መለያ ምት፤ ድቻ አለፈ። በቀጣዩ ዙር በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ መውደቁን በዚያ ሰሞን ሶዶ ውስጥ እንደ ሽንፈት የቆጠረው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን የለቅሶ ቤት ሐሜት ይጀመር። ያ 2 ለ 1 የተገኘው ሶዶ አይደለም፤ ሐዋሳ ነው። ሶዶ የአህጉሩን መስፈርት ያሟላ ሜዳ ስላልነበራት፣ አቶ ባለሜዳ የሕይወታቸውን ትልቅ ቀን ያሳለፉት በሰው ቤት ነው። የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት ያ ነበር። ደስታው ስለበዛ ሐኪም የጠራ የለም።

ሟች ጻድቅ ነበሩ ማለትም አይቻልም። የአገሪቱ የሜዳ ጨዋታ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ነበረበት። በ2010 ሚያዝያ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ዳኛ በተጫዋቾች ተባሮ ሊጉ እስከ መቋረጥ ደረሰ። በዚያ ዘመን የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች አንዱ ወደ ሌላው ከተማ መሄድ አቅቷቸው በገለልተኛ ሜዳ ይገናኙ ጀመር። በየከተማው ድንጋይ ተወርውሯል፣ የእንግዳ አውቶቡስ ተሰብሯል፣ የብሔር ስድብ ከመሐል ሜዳ እስከ ማዕዘን ተሰምቷል። ሜዳውም ራሱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ገንዘቡስ? ብዙዎቹ ክለቦች የሚኖሩት በዞን፣ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት ድጎማ ነበርና የወይዘሮ ትኬት ቁረጡ ገቢ የቡድኑን ደመወዝ ቀርቶ የአንድ ወር ሆቴሉን አይሸፍንም። አቶ ባለሜዳ ሲሞቱ ደረቱን የደቃ ሒሳብ ሹም ያልተገኘው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው በትር ኮሮና ነው። 2012 ዓ.ም. ያለ ሻምፒዮን፣ ያለ ወራጅ ተሰረዘ። በ2013 ታኅሣሥ ሊጉ ሲመለስ ሁለት አዲስ ነገር ይዞ ነበር፤ በክለቦቹ የተቋቋመ አክሲዮን ማህበር እና የሱፐርስፖርት ካሜራ። የአምስት ዓመቱ የቴሌቪዥን ስምምነት ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ሲነገር አገር ተደነቀ፤ መደነቁም አግባብ ነበር፣ ከዚያ በፊት ለኢትዮጵያ ሊግ እንዲህ ያለ ገንዘብ አስቦ የሚያውቅ አልነበረምና። ግን ካሜራ፣ የማስተላለፊያ መኪና፣ መብራት፣ ሆቴልና የኮሮና ምርመራ በየሳምንቱ በየከተማው አይዞርም። ስለዚህ ውድድሩ በዙር ተከፋፍሎ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት አዳማም ገባች። ድሮ ካሜራ ወደ ጨዋታው ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ወደ ካሜራው ይሄድ ጀመር። አቶ ባለሜዳ የሞቱት ገዳይ ሳይኖራቸው ነው። ጤና ባለሙያው፣ ጸጥታው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ እያንዳንዱ ምክንያቱ ትክክል ነበር።

ስማቸው ግን ሥራ ላይ ቀጥሏል። በጨዋታ መርሐ ግብሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ቡድን ዛሬም «ባለሜዳ» ይባላል። ሶዶና አርባ ምንጭ በአንድ መንገድ ላይ የተቀመጡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዕጣ ከጣላቸው ግን ድሬዳዋ ላይ ተገናኝተው አንዱ «ባለሜዳ»፣ ሌላው «እንግዳ» ይሆናሉ። በተመልካች መቀመጫው ላይ ከሁለቱም ከተማ የመጣ ሰው ቢቆጠር አንድ ሚኒባስ ይሞላ ይሆናል።

ደግሞ ሁሉም እኩል አላዘነም። ውድድሩ ሐዋሳ ሲገባ ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና በቤታቸው ነበሩ። ድሬዳዋ ሲሄድ ድሬዳዋ ከተማ፣ አዳማ ሲሄድ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ሲሄድ ባሕር ዳር ከተማ የገዛ ደጋፊውን ከበሮ ይሰማ ነበር። ድቻ፣ አርባ ምንጭ፣ ሀዲያ ሆሳዕና የሚሰሙት የሆቴል ጀኔሬተር ነበር። ስታዲየም ያለው ደጋፊ ያገኛል፣ ደጋፊ ያለው ነጥብ ያገኛል፣ ነጥብ ያለው በጀት ያገኛል፤ በጀት የሌለው ከተማ ደግሞ «መጀመሪያ ስታዲየም ሥራ» ይባላል። በዚህ ላይ የሟች ቤተሰብ ቅሬታ ቢያቀርብ አይፈረድበትም።

የሐዘን መግለጫ ከውጭ አገርም መጥቷል ቢባል የሚያምን ይኖራል። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ከ1915 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኖረ የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ነበር፤ መጨረሻ ላይ ፓክ 12 ተባለ። በ2022 ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች ለተሻለ የቴሌቪዥን ገንዘብ ወደ መካከለኛው ምዕራብ ማኅበር እንደሚሄዱ አስታወቁ። በቀጣዩ ክረምት ሌሎቹ ተራ በተራ ወጡና ከአሥራ ሁለቱ የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ሆኑ። ከወጡት አንዱ፣ ፓስፊክ ዳር ያለው ስታንፎርድ፣ ዛሬ የሚጫወተው በአትላንቲክ ጠረፍ ማኅበር ውስጥ ነው። ነገሩ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ካርታውን የሚስለው ካሜራ ነው። ልዩነቱ እነሱ ጎረቤታቸውን አጡ እንጂ ሜዳቸውን አላጡም። ስታንፎርድ ባላጋራው ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቢመጣም የሚያስተናግደው በግቢው ነው፤ የሠፈሩ ልጅ አሁንም አጥር ይዘላል።

የሟች ታላቅ ወንድም፣ የብሔራዊ ቡድኑ የሜዳ ጨዋታ፣ ለቅሶ መድረስ አልቻሉም፤ በስደት ላይ ነበሩ። የአህጉሩ ፌዴሬሽን የአገር ውስጥ ስታዲየሞችን ካገደ በኋላ ዋሊያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 የረቱበት የ2014 ሰኔው «የሜዳ» ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ሞዛምቢክም ሄደዋል። ከአገር ርቆ ግብፅን ማሸነፍ ያስደስታል፤ ቤት ያለው ሰው ግን ልደቱን ሁልጊዜ ጎረቤት ቤት አያከብርም።

ከሟች በኋላ የጦና ንቦችን ማየት የሻ የሶዶ ልጅ መንገዱ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ። መግቢያው ጥቂት ብር ነው፤ ችግሩ እዚያ በር ላይ «ጋሼ፣ አስገባኝ» አይሠራም። ወንበር በሰው ልክ ነው፤ ቦታ የያዘ ልጅ የከፋይ ቦታ ያዘ ማለት ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ጭስና ጫት ያለበት ጨለማ ክፍል እንድትገባ የሚፈቅድ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ስታዲየም ግን ከወንድሟ ጋር ትሄድ ነበር። በስብሰባ ላይ «ፍትሐዊ የስፖርት ተደራሽነት» የሚባለው ሐረግ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ስለ ማዘውተሪያ ሥፍራ ቁጥር ይወራል። የሟች ነገር ከዚያ ያነሰ፣ ከዚያ የቀረበ ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ ዕውነተኛ ተጫዋች ኳስ ሲያቆም የሚወጣውን ድምፅ የሚሰማበት በር።

ሕይወት ደግሞ ቀልደኛ ናት። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልል መቀመጫ ሆነች። ቢሮ መጣ፣ ኃላፊ መጣ፣ ባለ ጥቁር መስታወት መኪና መጣ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ። የሊጉ ተዘዋዋሪ ውድድር ግን በቀጣዩ ዓመትም በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር። የክልል ርዕሰ ከተማ ሆኖ የሊግ ጨዋታ በስክሪን መከታተል፣ የአቶ ባለሜዳን ቤተሰብ ከሐዘኑ ይልቅ ያሳፈራቸው ይኼ ነው።

መፍትሔው ተአምር አይጠይቅም። ደርሶ መልስ በሙሉ ይመለስ የሚለው የደጋፊ ጩኸት ለአሁኑ ውድ ነው፤ ይህን ካልካድን ሌላው ይቀልላል። ውድድሩ ከተማ ቀይሮ የሚዞር ከሆነ፣ መዞሪያው ላይ ያላስተናገደች ከተማ በተራዋ ትግባ፤ ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ለሣር፣ ለመልበሻ ክፍልና ለፓውዛ ይመደብ። ሐዋሳ ዛሬ የምታስተናግደው ትናንት ስለተሠራላት ነው፤ ከሰማይ የወረደላት ነገር የለም።

ሟች ባለትዳር አልነበሩም። ትተዋቸው የሄዱት አንድ ስታዲየም፣ ቁጥራቸው ያልታወቀ የአንድ ቀን ልጆች፣ ያልተሸጠ ሸንኮራና በየመርሐ ግብሩ የሚንከራተት ስማቸውን ነው። ስለ ንብረቱ የሚከተለው ማስታወቂያ ወጥቷል፤ የአቶ ባለሜዳ ደርሶመልስ ወራሽነት ይረጋገጥልኝ የሚል፣ ዞንም ይሁን ክልል፣ ክለብም ይሁን አክሲዮን ማህበር፣ ሣር የሚያጭድ አንድ ሰውና የመብራት ሒሳብ የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ በሥራ ሰዓት እንዲቀርብ።