ውዳሴ መኪና

በሐረር ጁገል፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚያወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ግራና ቀኝ በየደጃፉ ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው እየረገጡ ያገሩን ወጪ ወራጅ ሲያለብሱ የኖሩት ልብስ ሰፊዎች፣ መኪና የተባለ ሁሉ ከኋላው የሚቀመጥ ሰው ይሻል ብለው በማመናቸው ምን ያህል በጽልመት እንደ ኖሩ ሳስበው አዝንላቸዋለሁ።

ምስጋና ለዘመኑ ይሁንና፣ በ2012 ዓ.ም. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከል ተቋቁሞ፣ በኋላም ኢንስቲትዩት ተብሎ፣ በሰኔ 2016 ፖሊሲው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከጸደቀ፣ በቀጣዩም ወር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከታወጀ ወዲህ፣ ይህ ኑፋቄ በየአዳራሹ በይፋ ተወግዟል። ሊቃውንቱ ከሻይ ዕረፍት በፊትም ሆነ በኋላ የሚያስተምሩት ቀኖና አንድ ነው፤ ሥራ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። (የሠራተኛው መልክ ምን እንደሚሆን ግን ዝም ይላሉ።)

በፍርድ ቤት ደጃፍ ከጃንጥላው ሥር የሚውለውን ማመልከቻ ጸሐፊ እንመልከት። ይህ ሰው ከገጠር የመጣች ባልቴት ጉዳይዋን በኦሮምኛ ስታጫውተው፣ ባሏ መቼ እንደ ሞተ ጠይቆ፣ «ዝናብ የጠፋ ዓመት» ስትለው ዘመኑን ከልጇ ዕድሜ አስልቶ፣ የወሰኑን ክርክር ከውርሱ ለይቶ፣ ዕንባዋን ወደ ጎን ትቶ ነገሩን ብቻ በአንድ ገጽ ያሰፍርላታል። እንዴት ያለ ጊዜ አባካኝ! አዲሱ መኪና፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ፣ ግን አንዳች ሳይጠይቅ፣ የማን ይዞታ እንደ ሆነም ሳያውቅ፣ ሦስት ገጽ የተዋበ ቃል ባንድ ትንፋሽ ያወርዳል፤ ዳኛውም ሦስቱን ገጽ አንብቦ ሲያበቃ የምትሻውን ለማወቅ መልሶ ባልቴቲቱን ይጠይቃል። ሥልጣኔ ይሏል ይህ ነው።

ጸሐፊው ምን በልቶ ያድራል ብሎ የሚጨነቅ የዋህ ቢገኝ ይጽናና፤ ሥልጠናው በበይነ መረብ በነጻ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ ሰውየው ጃንጥላውን አጥፎ፣ ስልኩ ከቻለ መብራትም ከመጣ፣ በስተርጅናው ኮድ መጻፍ ይማራል። ደግሞስ ይህ ለውጥ እስካሁን ያልደፈረው ሙያ አለ፤ እርሱም አበል መቀበል ነው።

እንግዲህ ለእኒያ መምህራን የማቀርባት አቤቱታ አንዲት ናት፦ በየአዳራሹ የሚያሰሙት ንግግር አስቀድሞ በመኪናው የተጻፈ እንደ መሆኑ መጠን፣ ንባቡንም ለዚያው መኪና ለቀው፣ ወንበራቸውንና አበላቸውን ለአንድ ዓመት ያህል ለማመልከቻ ጸሐፊው ያስረክቡልን።