ለሰው ዳኛ፣ ለቤቴ ጠበቃ

የጥንት ሥልጣኔ ወሬ ሲነሳ እንደኔ ኮስታራ ዳኛ የለም፤ ጉዳዩ የሰው አገር እስከሆነ ድረስ። «ፒራሚዱን የሠሩት ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው» ያለኝን ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል-ጃርፍ በተገኘው ፓፒረስ አፉን አስይዘዋለሁ፤ መረር የተባለ አለቃ ለኩፉ ፒራሚድ ከቱራ ድንጋይ በጀልባ ሲያመላልስ የዋለበትንና ያደረበትን ጽፎ ትቷል። «የባግዳዱ ጥንታዊ ማሰሮ ባትሪ ነበር» የሚለውን ደግሞ በአንድ ጥያቄ እጥለዋለሁ፦ ሽቦው የታለ?

አክሱም ስንደርስ ጥብቅናዬ ይጀምራል። «ከሮም የተመለሰው ሐውልት 24 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ምልልስ ነው የመጣው። የዛሬው ዓለም እንዲህ ከተጨነቀ አባቶቻችን ያለ አንዳች ረቂቅ ጥበብ እንዴት?» እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ድምፅ ሲቀንስ ማስረጃ የሚጨምር ይመስለኛል። አባቶቻችን ከሮም በአየር እንዳላመጡት ጠፍቶኝ አይደለም። ድንጋይ የተፈለጠበት የጎቦ ድራ ኮረብታ ከከተማው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ ሽብልቅ የገባባቸው ቀዳዳዎችም ተደርድረው ዛሬም ይታያሉ። ሽብልቅ ግን ለጨዋታ አይመችም።

የእህቴ ልጅ አንድ ቀን እንዲህ ስደሰኩር ሰምታ፣ «ጋሼ፣ ስበትን የሚያሸንፍ ጥበብ ከነበራቸው ትልቁ ለምን ወደቀ?» አለችኝ። 33 ሜትር፣ 520 ቶን ገደማ የሚገመተው ሐውልት፣ አጥኚዎች እንደሚሉት፣ ገና ሲያቆሙት ወይም ብዙም ሳይቆይ ነው ተገንድሶ የተሰባበረው። እኔም «ቡናው አልቀረበም እንዴ?» አልኩ።

ላሊበላ ላይ ይብሳል። ጸሐፊው ግራሃም ሃንኮክ በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥራ የአውሮፓ ቴምፕላር ባላባቶች እጅ ሳይኖርበት አይቀርም ማለቱን ስሰማ ደሜ ፈልቶ «መረጃ አምጣ!» አልኩ። መላእክት ሌሊት ሌሊት እያገዙ ታነፀ ሲባል ግን አንገቴን እነቀንቃለሁ። እምነት ነው፣ አልነካውም። የሚያሳፍረኝ ያ መሮ ይዞ ከአለቱ ሆድ ውስጥ አቧራ ሲውጥ የኖረው ጠራቢ ነው፤ በሁለቱም ወሬ ቦታ የለውም፣ ስለ እሱ ግን አንድም ቀን ደሜ ፈልቶ አያውቅም። ለአገሬ ክብር እሟገታለሁ እያልኩ የምክደው እሱን ነው።

ትናንት አንድ ዘመድ ቪዲዮ ላከልኝ፤ ቀደምቶቻችን ድንጋይን በዜማ ኃይል አየር ላይ ያንሳፍፉ ነበር ይላል። ግማሹን ሳልደርስ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አስተላለፍኩት። የእህቴ ልጅ ግሩፑ ውስጥ መኖሯ ትዝ ያለኝ ከላክሁ በኋላ ነው።