ብሩ የማን ልጅ ነው?

ሰው ሲተዋወቅ የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ የቆየ ልማዳችን ነው። ብርን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ግን ከ2001 ዓ.ም. በፊት አልነበረም። በዚያ ዓመት የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ይህን ጉድለት ሞላልን። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሽማግሌ፣ አዋጁ እያንዳንዱን ብር ፊቱ አቁሞ ዘሩን አስቆጠረው። ምን ልትሠራ መጣህ፣ ለማንስ ልትደርስ ነው የሚለውን ጥያቄ ሥራ ለፈቱ ሰዎች ተወላቸው። ይህን አዋጅ በወጉ ያሞገሰ ሰው እስካሁን አላየሁም። ከተሻረ ዓመታት ቢያልፉም፣ ስለ ሙት ክፉ አይወራምና የሚገባውን ምስጋና ላድርስለት።

ጥበቡ እንዲህ ነበር። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ የጾታ እኩልነት፣ የሕፃናትና የአካል ጉዳተኞች መብት፣ የግጭት አፈታት፣ የፍትሕና የሕግ አስከባሪዎች አሠራር በሚባል ሠፈር ድርሽ እንዳይል። ከዚያ ውጭ እንዳሻው ይሁን፤ ጉድጓድ ይቆፍር፣ ችግኝ ይትከል፣ ብርድ ልብስ ያድል። ለጉድጓድ የሚሆነው ብር ከኖርዌይ ቢመጣ፣ ከጃፓን ቢመጣ የሚከፋው የለም። ጉድጓድ አፍ ቢኖረውም አይናገርም። አንዲት የገጠር ሴት ውኃ ሲጠማት የኦስሎ ገንዘብ ያጠጣታል። ባሏ ሞቶ ወንድሞቹ መሬቷን የቀሟት እንደሆነ ግን፣ ጠበቃ የሚያቆምላት ብር እትብቱ እዚሁ የተቀበረ መሆን አለበት። ጥማት ዓለም አቀፍ ጉዳይ ነው፤ በደል የቤት ገመና ነው። ገመናን ደግሞ ለባዕድ አያሳዩም።

ባዕድ ሲባል ፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዋጁ የውጭ ምንጭ ብሎ ሲተረጉም በውጭ አገር የሚገኝን ማንኛውንም ሰው ጨምሮ ነው። እንግዲህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ በዕረፍት ቀኗ ሳይቀር የምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ አስቡ። ለእናቷ የፋሲካ በግ መግዣ ስትልክ ኢትዮጵያዊት ናት። የሕዳሴውን ግድብ ቦንድ በዶላር ስትገዛማ ኢትዮጵያዊነቷ እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ስሟም በጭብጨባ ይጠራል። ባሏ ለሚደበድባት የሠፈሯ ልጅ ጠበቃ ይቁምላት ብላ 50 ዶላር ለመብት ማኅበር የሰደደች ዕለት ግን የውጭ ምንጭ ሆና ታድራለች። እጇም ያው፣ ባንኩም ያው፣ ዶላሩም ያው። እንዲህ ያለውን ስውር ልዩነት የሚያይ ዓይን ለሁሉ አይሰጥም።

ግን ደግሞ አዋጁ ጨካኝ አልነበረም፤ ንስሐ ይቀበላል። የአውሮፓ ኅብረት ለሲቪል ማኅበረሰብ ያቋቋመው ፈንድ ከመንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ እንዲቆጠር ተፈቀደለት። ብራሰልስ ተፀንሶ፣ ብራሰልስ ተወልዶ፣ ጥርሱንም እዚያው አብቅሎ የመጣ ዩሮ አዲስ አበባ ሲገባ ክርስትና ተነሣና ስሙ «የአገር ውስጥ ምንጭ» ተባለ። የደሴዋ ልጅ የክርስትና አባት ስላላገኘች ባዕድ ሆና ቀረች።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚል ምቀኛ አይጠፋም። ምቀኛው የሚያነሣው ይህን ነው። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት በጀት የሚሰጡትን ድጋፍ ሲያቋርጡ፣ በምትኩ በ1998 ሌላ ፕሮግራም ተዘረጋ፤ ከዓለም ባንክ፣ ከእንግሊዝና ከሌሎችም የሚመጣው ገንዘብ በየወረዳው የመምህሩን፣ የጤና ባለሙያውንና የግብርና ባለሙያውን ደመወዝ ይደጉም ጀመር። የሴፍቲኔቱም ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከእነዚያው ለጋሾች ኪስ ነበር። ታዲያ በውጭ ብር የሚደጎም መንግሥት በውጭ ብር የሚደጎም ማኅበርን ባዕድ የሚለው በየትኛው አፉ ነው ይላል ምቀኛው። አይገባውም እንጂ መልሱ ቀላል ነው። መንግሥት የውጭ ብር ሲበላ የልማት አጋርነት ይባላል፤ ማኅበር ሲበላ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው። ልዩነቱ በአጎራረስ ነው።

ስለ 1997 ከተነሣ አይቀር፣ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። የአገር ውስጥ ድርጅቶች ምርጫውን እንታዘብ ብለው ተከለከሉ፤ ከልካዩን ምርጫ ቦርድ ፍርድ ቤት ገትረው ረቱ። ከሶ መርታት እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ገና አልተማሩም ነበር። ከምርጫው በኋላ ከሲቪል ማኅበረሰቡ ወገን ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ ታሰሩ፤ ችሎት ተመላልሰው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባቸው። ዳንኤል በቀለን በ2011 ፓርላማው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር አድርጎ ሾማቸው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዷ መዓዛ አሸናፊም በዚያው ዓመት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። አገር ሰው ሲቸግራት ፍለጋ የወጣችው በባዕድነት ስትጠረጥረው ወደ ኖረችው ቤት መሆኑ ነው። ይህንም የአዋጁ ፍሬ ብለን ብንቆጥርለት ምን አለበት።

የዚያን ቤት የመከራ ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) 12 ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ነበሩት፤ 9ኙን ዘጋ። በባንክ ያለው 9.5 ሚሊዮን ብር ገደማ በ2002 ታገደበት፤ ከብሩ ውስጥ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተገኘም ነበረበት። አያችሁ፣ ብሩ አዋጁ ሳይወለድ በመወለዱ ጭምር ጥፋተኛ ሆነ። ጉዳዩ ከችሎት ችሎት ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ በጥቅምት 2005 ሰበር ሰሚው እገዳውን አጸና። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እንዲሁ ብሩ ታግዶበት ከሠራተኞቹ አብዛኞቹን አሰናበተ። ይህ ማኅበር የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ከወተወቱት አንዱ ነበር፤ በ1992 ተሻሽሎ የጋብቻ ዕድሜ ለሴት 18 ዓመት እንዲሆን ያደረገው ሕግ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውትወታ ውሎ አድሮ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅምና ቀድሞ መጠንቀቅ ደግ ነው። የተበዳዮቹ ጉዳይ ሜዳ ላይ ቀረ እንዳትሉ። የትም አልቀረም። ከማኅበሩ በር የተመለሰችው ሴት ቀበሌ ሄደች፤ ቀበሌው ወደ ሽማግሌ መራት፤ ሽማግሌው ደግሞ ወደ ባሏ መለሳት። ሦስቱም በአገር ውስጥ ምንጭ የሚተዳደሩ ናቸው።

ሌሎች ብዙ ድርጅቶች ብልህ ነበሩ። መብት የሚል ነገር ያለበትን ዓላማ ፍቀው፣ ማኅተም አስቀርጸው፣ ታፔላ ቀይረው በልማት በኩል ገቡ። ትናንት የሕፃናት ጥቃት እንዲከሰስ ይሟገት የነበረው ዛሬ ደብተርና እርሳስ ያድላል። ደብተሩ ላይ ምን እንደሚጻፍ አዋጁ አልከለከለም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ አንቀጽ 88፣ በሕዝብ ስሙ ሰባ ሠላሳ። ከዓመት ወጪ ቢያንስ 70 በመቶው ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ከ30 ያልበለጠው ለአስተዳደር። ሐቁን ልናገርና፣ ይህ ነገር ከሜዳ አልተነሣም። ነጫጭ ላንድክሩዘር ደርድረው፣ ስለ ድርቅ ለመምከር ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን የሚከርሙ፣ ከመንደሩ ስም ይልቅ የአበሉን ተመን አጥንተው የሚይዙ ድርጅቶች ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። እነሱን መዝገብ ገልጦ፣ ደረሰኝ አገላብጦ መያዝ ይቻል ነበር። ያ ግን አድካሚ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በ2003 መመሪያ ቁጥር 2 ወጣና አስተዳደር ምን እንደሆነ ተረጎመ። ነዳጅ፣ መኪና፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ ወጪ፣ አበል፣ ክትትልና ግምገማ ሁሉ ወደ ሠላሳው ገቡ። በዚያ ሰሞን በየሒሳብ ክፍሉና በየተቆጣጣሪው ጠረጴዛ መካከል የተደረገው ንግግር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ይመስል ነበር፦

«እህቴ፣ ይህ ሾፌር ምን ይሠራል?»

«መድኃኒት ወደ ጤና ኬላ ያደርሳል።»

«መድኃኒቱ?»

«ፕሮግራም ነው።»

«ደኅና። ሾፌሩስ?»

«እሱ ካልነዳ እኮ መድኃኒቱ…»

«አስተዳደር ነው። ነዳጁም።»

«ታዲያ መድኃኒቱ በምን ይሂድ ወንድሜ?»

«እሱማ የፕሮግራም ጥያቄ ነው። እኔን ምን አገባኝ?»

ይህ ትርጉም ባይኖር ኖሮ ስንቱን ሳናውቅ እንሞት ነበር። ስሚንቶ ፕሮግራም ነው፤ እሱን የሚያመላልሰው ነዳጅ አስተዳደር። የመማሪያ ክፍል ፕሮግራም ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚቆመውን መምህር ለማሠልጠን የሚወጣው የትራንስፖርትና የአበል ወጪ አስተዳደር። ሥራቸው ሰው ሰብስቦ ማስተማር የሆነ፣ ስለ ኤች አይ ቪ የሚመክሩ፣ ትንንሽ ማኅበራትን የሚያስተባብሩ ኅብረቶች ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው አስተዳደር ሆነው አረፉት። ከሁሉ የሚልቀው ግን ክትትልና ግምገማ ነው። የተሠራው ሥራ ሰውን ጠቅሞ እንደሆነ ሄዶ ማየት ከብክነት ተቆጠረ። ስለዚህ አርቆ አሳቢ ድርጅት ግንብ ገነባ፣ ሪባን አስቆረጠ፣ ፎቶ አስነሣ፣ ተመልሶም አላየም። ሪፖርቱም አማረ። ሪፖርት የሚያምረው ሰው ሲቀንስበት ነው። መመሪያው ኋላ ላላ ማለቱን አልሸሽግም፤ መልካም ነገር ዕድሜ የለውም።

ከዚህ ሁሉ የተረፉም ነበሩ። አዋጁ የሃይማኖት ድርጅቶችን፣ ዕቁብንና ዕድርን አይመለከትም ይል ነበር። ስለ ዕቁቡ ጥያቄ የለኝም፤ የዕድሩ ግን ሲከነክነኝ ኖሮ በኋላ ተገለጠልኝ። በሕይወት ሳላችሁ መብታችሁን ላስከብር ብሎ የሚመጣ ማኅበር የብሩን ትውልድ ማስረጃ ይጠየቅ ነበር። ስትሞቱ ድንኳንና ወንበር ተሸክሞ የሚመጣው ግን ነፃ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሟች አቤቱታ አያገባም።

በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ወጣና ይህን ሁሉ ጥበብ አፈረሰው። የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ፤ ብር እንደ ዱርዬ ዘሩን ሳይቆጥር መዞር ጀመረ። የአስተዳደር ወጪው ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ቢወርድም፣ ትርጉሙ ተስተካክሎ የፕሮጀክቱ ሾፌር ወደ ፕሮጀክቱ ተመለሰ። የተዘጉ ቢሮዎች ተከፈቱ፣ የተፋቀው ዓላማ ተመልሶ ተጻፈ። እውነቱን ለመናገር ሐዘን ገብቶኝ ነበር። ዕድሜ ለ2017! በኅዳር ሦስት የመብት ድርጅቶች ታገዱ፤ በታኅሣሥ ኢሰመጉም ተከተላቸው። ገለልተኛ አይደላችሁም መባሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የብሩ ዘር መቆጠሩ ቀርቶ የአቋም ዘር መቆጠር ተጀመረ ማለት ነው። በደብዳቢና በተደብዳቢ መካከል ገለልተኛ መሆን እንዴት እንደሚቻል ግራ የገባው የመብት ተሟጋች ከዕድር ይማር፤ ዕድር ገዳይንም ሟችንም እኩል ይቀብራል።

ማኅበራትን ለሚቆጣጠረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አንዲት ሐሳብ አለችኝ። ይህን የመሰለ መለኪያ በበጎ አድራጎት ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ ለመንግሥት ቢሮዎችም ይዳረስ። እያንዳንዱ ቢሮ ከበጀቱ ስንት እጁ ባለጉዳዩ ዘንድ እንደሚደርስ፣ ስንት እጁ ደግሞ ለስብሰባ ውሎ፣ ለባነር፣ ለታሸገ ውኃ፣ ለልምድ ልውውጥ ጉዞና ለግቢ ጥበቃ እንደሚውል በሃያ ሰማንያ ተሰልቶ ይቅረብ። የውጭ ብድርና ዕርዳታ ካለበትም ከ10 በመቶ በላይ የሆነው ተለይቶ ይታይና ቢሮው በየትኞቹ ጉዳዮች አፉን መክፈት እንደሚፈቀድለት ይወሰን። ጽንሰ ሐሳቡን ለናሙና ልሞክረው ብዬ ስሌቱን የምትሠራልኝ የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር እንደምችል አንድ አዋቂ ጠየቅሁ። ይቻላል አለኝ፤ ደመወዟ ግን አስተዳደር ነው።