«አዎ» እና «የስ» አንድ አይደሉም

ኧረ ይህ የእንግሊዝኛ «የስ» እና «ኖ» ስንቶቻችንን አንገበገበን! ባለፈው ዓመት እዚህ ሜሪላንድ እናቴን ለአንጀት ምርመራ ወሰድኳት። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እኔ መኪና ላቆም ስሄድ ነርሷ «ዩ ሃቨንት ኢትን ኤኒቲንግ ቱዴይ?» አለቻት። ጥያቄው ገብቷታል። «የስ» ብላ መለሰች፤ «አዎ፣ አልበላሁም» ማለቷ ነው። ነርሷ ግን በልታለች ብላ መዘገበች። ስመለስ ቀጠሮው ተሰርዞ፣ እናቴ ጋውኑን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ለሌላ ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። አስተርጓሚ በስልክ ይጠራል፤ ግን ለእንዲህች ላለች አንዲት ጥያቄ ማን ስልክ ያነሳል?

ስደት ላይ ያለን ሁሉ እናውቀዋለን። «መድኃኒቱን አልጨረስሽም?» ይሉሻል፣ «የስ» ትያለሽ፣ ጨርሳለች ይባላል። አማርኛ መልስ የሚሰጠው ለጠየቀው ሰው ነው፤ ያልከው ልክ ነው፣ አዎ። እንግሊዝኛ ሰውየውን ትቶ ድርጊቱን ብቻ ያያል፤ ከተደረገ «የስ»፣ ካልተደረገ «ኖ»።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ እንግሊዝኛ ራሱ ድሮ ሁለቱን ለይቶ መመለስ ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ለአዎንታዊ ጥያቄ «ዬ» እና «ኔይ»፣ ለአሉታዊው «የስ» እና «ኖ» ነበሩት። በ1532 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሞር የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚውን ዊልያም ቲንዴልን፣ በዮሐንስ ወንጌል «ኔይ» ማለት ሲገባህ «ኖ» ብለሃል ብሎ ወቅሶታል። ፈረንሳይኛ «ሲ»ን፣ ጀርመንኛ «ዶክ»ን ይዘው ቀርተዋል፤ «አልበላህም?» የተባለ ሰው በልቶ ከሆነ በእነሱ ይመልሳል። እንግሊዝኛ ጥሎት እኛን በሁለት ቃል ያንከራትተናል።

መስማማቱስ ቢሆን? አንድ ሰው «ቡና እወዳለሁ» ቢል «እኔም» ነው፤ «ቡና አልወድም» ቢልም «እኔም» ነው። «አል» ግሱ ላይ ስላለ ሌላ ነገር አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ግን «ሶ» ነው ወይስ «ናይዘር» ብለህ እንድትመርጥ፣ ከዚያ ረዳት ግሱን እንድትፈልግ፣ ጊዜውን እንድታይ፣ ቦታውንም እንድትገለብጥ ያስገድድሃል። «አይም ታየርድ» ላለህ «ሶ አም አይ»፤ «አይ ዌንት» ላለህ «ሶ ዲድ አይ»፤ «አይ ካንት ስሊፕ» ላለህ «ናይዘር ካን አይ»። እዚህ ላይ «ካንት» ካልክ ተሳሳትክ፣ አሉታው «ናይዘር» ውስጥ አለና። የሥራ ባልደረባዬ በሌሊት ፈረቃ ተማርራ «አይ ዶንት ላይክ ኢት» ስትለኝ ከልቤ «ሚ ቱ» አልኳት። «ሚ ናይዘር» ብላ አረመችኝ። ብሶት እየተካፈልን ሳለ እርማት ተቀበልኩ።

ትምህርት ቤት አልተማርነውም እንዳይባል፣ ተምረናል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፉታል፣ ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን፣ ፈተና ላይ ትክክለኛውን ፊደል እናጠቁራለን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሌላውን ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ተማርን። ግን ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ «አልወድም» ሲል ሌላው አፉን ከፍቶ «ናይዘር ዱ አይ» እንዲል ያደረገን አልነበረም። አፍ ያልለመደው ነገር ነርስ ፊት ከየት ይመጣል?

በሁለተኛው ቀጠሮ አብሬያት ገባሁ። መኪና ውስጥ ስናጠና ነው የመጣነው፤ «ካልበላሽ <ኖ> በይ፣ እማዬ፣ <ኖ> ብቻ።» ነርሷ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። እናቴ ዝም አለች፤ እኔን አየችኝ፣ ነርሷን አየቻት፣ መልሳ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጅቷ እውነቱን ተናግራ ሳለ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዴት አድርጌ <ኖ> እላታለሁ?»