ባትሪዬን ሳላበራ ያለቀ ዋሻ

«አባባ፣ ቅዳሜ ዋሻ እንሂድ» ሲለኝ የልጅ ልጄን አምኜ እሺ አልኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ርዝመቱን ስጠይቀው «ዐሥራ አምስት ገደማ» ብሎኛል፤ ዐሥራ አምስት ምን ብዬ አለመጠየቄ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

እኔ የባሌ ሰው ነኝ። ዋሻ ሲባል የሚታየኝ ሶፍ ዑመር ነው። ወይብ ወንዝ ተራራውን ሰርስሮ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት፣ መተላለፊያው ሁሉ ተደምሮ 15 ኪሎ ሜትር የሚሞላ፣ ጣሪያውን የተሸከሙት ዓምዶች በአናጢ ገመድ የተለኩ የሚመስሉበት ዋሻ። ሼክ ሶፍ ዑመርን እያሰቡ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለዝየራ ሲሄዱ እኛም ልጆቹ ተከትለናል፤ የሌሊት ወፍ ባናታችን ላይ ሲያልፍ ማን እንደጮኸ እስከ ዛሬ አልተማመንንም። እናም እንደ ዋሻ ሰው ተዘጋጀሁ። ባትሪ፣ መለወጫ ድንጋይ፣ ጋቢ፣ ዱላ፣ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ። ባለቤቴ «የት ልትዘምት ነው?» አለችኝ። ምን ታውቃለች አልኩ በሆዴ።

የወሰደኝ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ግሪፊዝ ፓርክ፣ ብሮንሰን ዋሻ ከሚሉት ቦታ ነው። አቧራማዋን መንገድ ትንሽ እንደወጣን አፉ ታየ። ገባሁ። ባትሪዬን ከኪሴ ሳወጣ ፀሐይ መታኝ፤ ለካ በወዲያ በኩል ወጥቻለሁ! ዐሥራ አምስት ያለው ሜትር ኖሯል።

ደግሞ ዋሻም አይደለም። ካባ ነው! እ.ኤ.አ. በ1903 ለመንገድና ለግንባታ ድንጋይ ሊያወጡ የከፈቱት የድንጋይ ካባ ነው። ድንጋዩን ወስደው ሲያበቁ ቀዳዳው ቀረ፤ ፊልም ሠሪዎች መጥተው ቀዳዳውን ዋሻ አሉት። በኛ አገር እንዲህ ያለ ጉድጓድ ልጆች እንዳይወድቁበት እሾህ ይጣልበታል፤ እዚህ አገር ጎብኚ ይሰለፍበታል። ውሻ የሚጎትት አለ፣ ሕፃን ያዘለ አለ፣ «ባትማን!» እያለ የሚጮኽ ጎልማሳ አለ። በ1966 በቴሌቪዥን ይታይ የነበረው ባትማን መኪናውን ከዚህ ቀዳዳ ነበር የሚያስወጣው። ሰውየው ራሱን የሌሊት ወፍ ብሎ ሰይሞ የሚኖርበት ዋሻ ውስጥ እኔ አንዲት የሌሊት ወፍ አላየሁም።

ልጁ ፊልም ነው የሚማረው፤ እግረ መንገዱን አስተማረኝ። በ1956 የወጣው የጆን ፎርድ ፊልም ላይ ጆን ዌይን ልጅቱን ብድግ አድርጎ ያቀፋት እዚህ አፉ ላይ ነው አለኝ። ይሁን፣ ደግ ነው። እሱ የሚንሰፈሰፍለት ግን ሌላ ነው፤ ሮቦት ሞንስተር የሚባል፣ የ1953 ፊልም። ፊል ተከር የሚባል ጎረምሳ በ16 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በአራት ቀን ቀርጾ ጨረሰው። ለጭራቁ ልብስ ገንዘብ ቢያጥረው የጎሪላ ልብስ ያለው ሰው ፈልጎ ከላይ የጠፈር ሄልሜት ደፋበት። ይህ ጎሪላ ከስምንት ሰው በስተቀር የዓለምን ሕዝብ ፈጅቶ፣ ካባው አፍ ላይ የሳሙና አረፋ በሚተፋ መሣሪያ ፊት ቆሞ ከአለቃው ጋር ይነጋገራል። የአረፋ መሣሪያው ስሙ በመግቢያው ጽሑፍ ላይ ተጽፏል። ሙዚቃውን የሠራው ኤልመር በርንስታይን ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዐሥርቱ ትእዛዛት የተባለውን ትልቅ ፊልም የሠራው ያው ሰው። ሰው ከጎሪላ ተነስቶ ሙሴ ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው።

«አየህ አባባ፣ ኢንዲፔንደንት ፊልም እንዲህ ነው» አለኝ። ገባኝ። ኢንዲፔንደንት ማለት ገንዘብ የለንም፣ ዘመድ ግን አለን ማለት ነው። ዘመዱ እኔ ነኝ።

ለካ የመጣነው ለጉብኝት አይደለም። ጓደኞቹ ካሜራ ተክለው እየጠበቁ ነበር። ጋቢውንና ዱላውን ሲያዩ በደስታ አጨበጨቡ፤ ዋሻ ውስጥ 300 ዓመት የኖረ ባሕታዊ ትሆናለህ ተባልኩ። ካባው የተከፈተው በ1903፤ የቀረውን የት ቆይቼ ነው? ብዬ ብጠይቅ «አባባ፣ ለገጸ ባሕርይህ ንግግር አልተጻፈለትም» አሉኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «እዘን» አሉኝ፤ አዘንኩ። «እንደዚህ አይደለም» አሉኝ። ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ስኖር ሐዘኔን የነቀፈ ሰው አልገጠመኝም ነበር! ማዘን ስጀምር ውሻ ይገባል፤ ውሻው ሲወጣ ፎቶ አንሱን የሚሉ ባልና ሚስት ይመጣሉ። ለምሳ ፒዛ ቀረበ። በዐቢይ ጾም! አይብ የተነጠፈበት! ዳቦ ቆሎዬን አወጣሁ፤ እሱንም ዳይሬክተሩ ዘግኖ ዘግኖ ጨረሰው።

ከዚያ ጉም ያስፈልጋል ተባለ። ዕጣን እናጭስ ብል ተንጫጩ፤ እዚያ ኮረብታ ላይ እሳት መለኮስ ክልክል ነው፣ ሣሩ እንደ ክብሪት ነው። አሁን ልጁ ከሻንጣው አንድ ከረጢት ሲያወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የባለቤቴ የጤፍ ዱቄት! ነጭ ጤፍ! ፌርፋክስ፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ከሚሉት ሰፈር፣ ዋጋውን እየተከራከርኩ በእጄ ተሸክሜ ያመጣሁት። «ማን ፈቀደልህ?» ብል «እማማ» አለኝ። እኔ አንድ እንጀራ ስደግም የምትገላምጠኝ ሴት ለካባ ጉም ሁለት ኪሎ ጤፍ ሰፍራ ሰጥታለች። እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ወደ ላይ በተኑት። አቤት ግፍ! ጢሜ ሊጥ ሆነ። ሳል ያዘኝ፤ «አታስል፣ ድምፅ እየቀዳን ነው» አሉኝ። ከውጭ አንዲት ሕፃን አይታኝ አለቀሰች፤ እውነተኛ ትወና የታየው ያኔ ብቻ ነው፣ ካሜራው ግን ጠፍቶ ነበር።

ፊልሙ ባለፈው ወር ታየ። ርዝመቱ 11 ደቂቃ ነው፤ ቤተ ዘመድ ተጠራ፣ እኔም ከረባት አስሬ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ጉሙ አማረ፣ መካድ አልችልም። ከጉሙ መሃል ሁለት እግርና የዱላ ጫፍ ታየ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ። ስንት ሰዓት ያዘንኩበት ፊት የት ገባ ብል «በኤዲቲንግ ወጣ» አለኝ። በመጨረሻ ስም ዝርዝር መውረድ ጀመረ፤ መነጽሬን አድርጌ ጠበቅኩ። «ባሕታዊ» የሚል የለም። «ልዩ ኢፌክት» የሚል መጣ፣ ከሥሩ የባለቤቴ ሙሉ ስም ከነአባቷ።

ይኸው ካለፈው ወር ጀምሮ ቡና ስታፈላ እንኳ «እኛ የፊልም ሰዎች» ትላለች።